የትራም ሐዲድ ለመዘርጋት መንገድ ለምን ለዓመታት ይዘጋል?

የስኮትላንድ ዋና ከተማ የኤዲንብራ ዋና መንገድ ፕሪንስስ ስትሪት ይባላል። ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው እንኳ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ይህ መንገድ የትራም (አስፋልት ላይ በተቀበረ ሐዲድ የሚሄድ የከተማ ባቡር) ሐዲድ ሊዘረጋበት በ2009 ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ለመኪና ተዘጋ። ከዚያ ተከፈተ። በ2011 ሐዲዱ አጠገብ ያለው የመንገድ ንጣፍ ስለተሰባበረ እንደገና ተዘግቶ እንደገና ተቆፈረ። በ2011 ሰው መጫን ይጀምራል የተባለው ትራም ሥራ የጀመረው ሜይ 31 ቀን 2014 ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሲታቀድ ከአየር ማረፊያው ተነሥቶ መሀል ከተማን አቋርጦ ባሕሩ ዳር እስካለው ኒውሄቨን ድረስ 18.5 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ነበር። የተያዘለት በጀት 545 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ሲያልቅ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ 776 ሚሊዮን ፓውንድ በላ። መንገዱ አጠረ፣ ገንዘቡ ጨመረ፣ ጊዜው ሦስት ዓመት አለፈ።

ኤዲንብራን የመረጥኩት ከሁሉ የባሰች ከተማ ስለሆነች አይደለም። ሎርድ ሃርዲ የተባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ጉዳዩን ለዘጠኝ ዓመት መርምረው በ2023 ውጤቱን ለሕዝብ አውጥተዋል። የአንድ ከተማ የትራም ሥራ እንዲህ ውስጡ ተገልጦ የታየበት አጋጣሚ ብዙ የለም። ሌላ ከተማ ውስጥ አጥር ስር ተሰልፎ የሚያማርር ሰው ሁሉ መልሱን እዚያ ውስጥ ያገኘዋል።

ከአስፋልቱ ሥር

ሐዲድ መዘርጋት በራሱ ያን ያህል የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። አስፋልቱ ይነሣል። ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይቆፈራል። አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ኮንክሪት ይሞላል፣ ሐዲዱ ይቀመጣል፣ ይበየዳል፣ ዙሪያው ይደፈናል። ጥሩ ቡድን ባዶ ሜዳ ቢሰጠው ቶሎ ቶሎ ይጨርሰዋል። መሀል ከተማ ውስጥ ግን ባዶ ሜዳ የለም። ላዩ ባዶ ቢመስልም ሥሩ ሙሉ ነው።

አስፋልቱ ሥር የመጠጥ ውኃ መስመር አለ። ፍሳሽ አለ። የዝናብ ውኃ መውረጃ አለ። አውሮፓና አሜሪካ ላይ የጋዝ ቧንቧም አለ። የመብራት ኬብል አለ፣ የስልክ አለ፣ ፋይበር አለ፣ የትራፊክ መብራት ሽቦ አለ። አሮጌ ከተማ ከሆነ ደግሞ አገልግሎት ካቆመ ብዙ ዘመን የሆነው፣ ግን ማንም ቆፍሮ ያላወጣው ቧንቧ አለ። እንደ ኤዲንብራ ባለ ከተማ የአንዳንድ ሕንጻ ምድር ቤት ከእግረኛ መንገዱ ሥር ድረስ ወጥቶ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ለምን ባለበት አይተውም? ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው ጥገና ነው። ከሐዲዱ ሥር ያለ የውኃ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ለመጠገን ሐዲዱን መስበር ያስፈልጋል። ሐዲዱ ከተሰበረ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። አውቶቡስ ቢሆን ጉድጓዱን ዞሮ ያልፋል፤ ትራም መዞር አይችልም። ስለዚህ ወደፊት ሊቆፈር የሚችል ነገር ሁሉ ትራሙ ከሚሄድበት ወደ ጎን እንዲወጣ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ትራም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ750 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኃይል)። ኃይሉ ከላይ ባለው ሽቦ ይገባና በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። ሐዲዱ ከመሬቱ በደንብ ካልተለየ ከሚመለሰው ኃይል የተወሰነው ሾልኮ ወደ አፈሩ ይገባል። አጠገቡ የብረት ቧንቧ ካገኘ በእሱ ላይ ይጓዛል። ከቧንቧው ተላቆ በሚወጣበት ቦታ ላይ ብረቱን ይበላዋል። ዛሬ የማይታይ ነገር ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ቧንቧው ይበሳል። ለዚህ ነው አዲስ ሐዲድ ዙሪያውን በጎማ ተጠቅልሎ የሚቀበረው፤ የብረት ቧንቧም የሚርቀው ወይም በፕላስቲክ የሚተካው።

እሺ፣ ይነሣ። ግን ማንሣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንየው። የጋዝ ቧንቧን ቆርጠህ ወደዚያ ማዛወር አትችልም፤ ቤቶቹ ጋዝ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ በሌላ ቦታ አዲስ ጉድጓድ ይቆፈራል። አዲሱ ቧንቧ ይቀበራል። ይፈተሻል። ከዚያ ቤት በቤት፣ ሱቅ በሱቅ ከአዲሱ ጋር ይገናኛል። አሮጌው የሚሞተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውኃውም መብራቱም እንደዚሁ። ይህ ማለት ለሐዲዱ አንድ ክንድ ከመቆፈሩ በፊት መንገዱ ጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ ተቆፍሯል ማለት ነው።

የስልኩ ደግሞ ይብሳል። አሮጌ የመዳብ የስልክ ኬብል አንዱ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ቀጭን ሽቦ በውስጡ ይይዛል። ኬብሉ ሲዛወር እያንዳንዱ ሽቦ ከመንትያው ጋር መገናኘት አለበት። ሠራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ፣ ድንኳን ተተክሎለት፣ ጥንድ በጥንድ እያየ ሲያገናኝ ይውላል። አንድ መገጣጠሚያ ቀናት፣ ትልቁ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ከላይ የሚያልፍ ሰው የሚያየው አጥር፣ ድንኳን እና አንድ የተቀመጠ ሰው ነው። «አንድ ሰው ለማስቀመጥ ነው መንገዱን የዘጉት?» ይላል። ያ አንድ ሰው ግን መንገዱ ላይ ካሉት ሁሉ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

በዚያ ላይ ቧንቧዎቹ የአንድ ባለቤት አይደሉም። ጋዙ የአንድ ኩባንያ ነው፣ መብራቱ የሌላ፣ ስልኩ የሦስት የአራት። አንዳንዱ «የእኔን ኬብል ከእኔ ሠራተኛ በቀር ማንም አይነካም» ይላል። አንዳንዱ ክረምት ላይ፣ ብርድ ሲጠና፣ አቋርጦ መሥራት አይፈቅድም። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። አንዱ ሁለት ሳምንት ከዘገየ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ይንሸራተታል።

ካርታ የለም ወይ? አለ። ግን ካርታው ላይ ያለው ቧንቧና መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁልጊዜ አይገጥሙም። አንዳንዱ መስመር የተመዘገበው ሲታቀድ እንጂ ሲቀበር አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ አልተመዘገበም። ራዳር ከላይ ይነዳል፣ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ እሱም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። እዚህ ላይ ነው ሥራው ሁሉ የሚጠለፈው። መሐንዲሱ ይቆፍራል፣ ያልጠበቀው ኬብል ያገኛል፣ ይቆማል፣ የማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ዲዛይኑ ይቀየራል።

የሚገኘው ደግሞ ቧንቧ ብቻ አይደለም። ኤዲንብራ ሊት በሚባለው የወደብ ሰፈር፣ ኮንስቲትዩሽን ስትሪት ላይ፣ በ2009 ሲቆፈር አራት መቶ የሚጠጋ የሰው አጽም ወጣ። የአጠገቡ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ቀድሞ መንገዱ እስካለበት ድረስ ይሰፋ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ መስመሩ እንዲቀጥል ሲቆፈር፣ ሌላ በመቶ የሚቆጠር አጽም ተገኘ፤ ዕድሜው በመቶዎች ዓመታት የሚቆጠር የዓሣ ነባሪ አጥንት ጭምር። አጽምን በኤስካቫተር ማፈስ አይቻልም፣ አይገባምም። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በብሩሽ እያጸዱ፣ አንድ በአንድ እየመዘገቡ ያነሡታል። የኖረ ሰው ነውና እንዲህ መደረጉ ትክክል ነው። ግን ጊዜ ይወስዳል።

ውሉ ከቁፋሮው ቀደመ

እስካሁን ያልኩት የየትኛውም ከተማ ችግር ነው። ኤዲንብራን ለብቻዋ ያስጨነቃት ውሉ ነው።

እቅዱ ሲታይ ጥሩ ነበር። ከተማው ታይ የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቁሟል። መጀመሪያ ዲዛይኑ ይጠናቀቃል። ጎን ለጎን አንድ ተቋራጭ ቧንቧና ኬብሉን ያነሣል። ከዚያ መንገዱ ሥሩ ጸድቶ ለሐዲድ ሠሪው ይሰጣል። ሐዲድ ሠሪው የሚያጋጥመው ያልታወቀ ነገር ስለማይኖር በቁርጥ ዋጋ ይዋዋላል። ይህን የሚቃወም ሰው የለም።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ቧንቧ የማንሣቱ ሥራ በ2007 ተጀመረና ዘገየ። ከተገመተው በላይ ብዙ መስመር ተገኘ። የኦገስቱ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫልና የገና ሰሞን ሲደርስ ደግሞ መሀል ከተማ ቁፋሮ ይቆማል፤ ከተማዋ የምትኖረው በእንግዳ ነውና። ዲዛይኑም አላለቀም። በሜይ 2008 ከጀርመኖቹ ቢልፊንገር በርገርና ሲመንስ ጋር ዋናው ውል ሲፈረም፣ ቧንቧው ገና እየተነሣ ነበር፤ ዲዛይኑ ገና እየተሳለ ነበር።

ውሉ ላይ ዋጋ ተጽፏል። ዋጋው ግን የቆመው በግምቶች ላይ ነው፦ መንገዱ ከቧንቧ ነጻ ሆኖ ይሰጠናል፣ ዲዛይኑ ከዚህ ብዙም አይለወጥም፣ እና የመሳሰሉት። ከግምቶቹ አንዱ ከተዛነፈ ተቋራጩ ተጨማሪ ዋጋና ጊዜ መጠየቅ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንስትራክሽን የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ ክሌይም የሚሉት ነው። አንዳንዶቹ ግምቶች ደግሞ ሲፈረም ጀምሮ እንደማይሆኑ የሚታወቁ ነበሩ። ክሌይሙ በመቶዎች ሆኖ ጎረፈ።

ፌብሩዋሪ 2009 ላይ ነገሩ ፈነዳ። ፕሪንስስ ስትሪት ሊዘጋ ቀኑ ተቆርጦ ነበር። አውቶቡሶቹ ተለዋጭ መንገድ ተሰጥቷቸዋል። ሕዝቡ ተነግሮታል። ተቋራጩ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቆ ሥራውን አልጀመረም። መንገዱ ተዘጋ፣ ሥራው ቆመ። ለዚያ መንገድ ብቻ የተለየ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው ቁፋሮው የተጀመረው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ከሥራው ይልቅ የክርክር ነው። ሐዲዱ ሳያልቅ ትራሞቹ ተሠርተው መጡ። በ2010 አንዱን ፕሪንስስ ስትሪት ላይ አቁመው ለሕዝብ አሳዩት። ሕዝቡ ገብቶ ተቀምጦ አየው፤ መሄድ ግን አይችልም።

በ2011 በሽምግልና ታረቁ። ታይ ፈረሰ። ገንዘቡ ስላለቀ መስመሩ ኒውሄቨን ሳይደርስ መሀል ከተማ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። በዚያው ኦገስት የከተማው ምክር ቤት ጭራሽ መሀል ከተማም ሳይገባ ሄይማርኬት ላይ ይቁም ብሎ ወስኖ፣ በሳምንቱ ሐሳቡን ቀይሯል።

ሎርድ ሃርዲ ጥፋቱን ለአንድ ወገን አልሰጡትም። ታይን ወቅሰዋል፣ ምክር ቤቱን ወቅሰዋል፣ የስኮትላንድ ሚኒስትሮችንም ወቅሰዋል። ሚኒስትሮቹ በ2007 ስልጣን ሲይዙ ፕሮጀክቱን አይፈልጉትም ነበር። ፓርላማው ሲያስገድዳቸው «500 ሚሊዮን ፓውንድ እንሰጣለን፣ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም የለም» አሉና ትልልቅ ሥራዎችን የመምራት ልምድ የነበረውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤታቸውን ከክትትሉ አስወጡ። ገንዘብ ሰጥቶ ዐይንን መንቀል ማለት ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። ለምክር ቤት አባላቱ ስለ አደጋው ትክክለኛው ነገር አልተነገራቸውም። ዋጋው ቁርጥ ነው ተብለው ድምፅ ሰጡ። ድምፅ የሰጡት ሰዎች ደግሞ የሚወክሉት መንገዱ ደጁ ላይ የተዘጋበትን ነጋዴ ነው።

መኪናው የት ይሄዳል?

አሁን ከጉድጓዱ እንውጣና ወደ መኪናው መሪ እንመለስ።

መሀል ከተማ ውስጥ ወረፋ የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱ ስፋት ሳይሆን መስቀለኛው ነው። አንድ መስቀለኛ በሰዓት 800 መኪና ማሳለፍ ይችላል እንበል። ወደ እሱ የሚመጣው 700 ከሆነ ማንም ችግሩን አያየውም። አጠገቡ ያለ መንገድ ተዘግቶ 200 መኪና ቢጨመርበት 900 ይሆናል። ከአቅሙ ያለፈው መቶ መኪና ብቻ ነው። ግን መቶው አይጠፋም፤ ተሰልፎ ይጠብቃል። በሁለተኛው ሰዓት ሌላ መቶ ይመጣል። አሁን 200 መኪና ቆሟል። አንድ መኪና ከፊቷ ካለው ክፍተት ጋር 6 ሜትር ብትይዝ ወረፋው 1.2 ኪሎ ሜትር ሆነ። ወረፋው ወደ ኋላ ሲረዝም ደግሞ ያለፈውን መስቀለኛ ይዘጋዋል። እዚያ የቆመው ሰው ወደ ትራሙ ሥራ የሚሄድ እንኳ አይደለም። ለዚህ ነው ሁለት ሰፈር ርቀህ ሳለ «ደግሞ እዚህ ምን ሆኖ ነው?» የምትለው።

የከተማው አቀማመጥም ይወስናል። ፕሪንስስ ስትሪት በአንድ ጎኑ ሱቅ ነው። በሌላው ጎኑ የአትክልት ስፍራ፣ ሸለቆ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ከዚያ በላይ አሮጌው ምሽግ ያለበት ገደል። በደቡብ በኩል ተለዋጭ ሊሆን የሚችል ጎን ለጎን የሚሄድ መንገድ የለም። የቀረው በሰሜን በኩል ያሉት ጆርጅ ስትሪትና ኩዊን ስትሪት ናቸው። አውቶቡሱ ሁሉ እዚያ ተገፋ። ጆርጅ ስትሪት ለዚያ ያህል አውቶቡስ የተሠራ አልነበረም።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። መንገድ ሲዘጋ መኪናው በሙሉ ወደ ሌላ መንገድ አይዞርም። የተወሰነው ጉዞ ይጠፋል። ሰው ሰዓቱን ይቀይራል፣ በባቡር ይሄዳል፣ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ ወይ ይተወዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ከዚያ ትንሽ ይላላል። ይህ የሚሠራው ግን ሰው ማወቅ ሲችል ነው። መንገዱ ዛሬ ተዘግቶ ነገ ከተከፈተ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በሌላ በኩል ከተዘጋ፣ ማንም ልማድ አያወጣም። ስድስት ወር ሙሉ የተዘጋ መንገድ በየሳምንቱ ከሚቀያየር መንገድ ሊሻል ይችላል። ነጋዴው ይህን አይወድም፣ አልፈርድበትም። ነገር ግን ግማሹን ከፍቶ ግማሹን መሥራት ብዙ ጊዜ ሥራውን ያረዝመዋል፤ ማሽኑ መዞሪያ የለውም፣ የጭነት መኪናው መቆሚያ የለውም፣ ሠራተኛው ከመኪናው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው።

ሰው የማይታይበት አጥር

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያናድደው ተዘግቶ ማንም የማይሠራበት መንገድ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ስንፍና ወይም ክርክር ነው፤ ኤዲንብራ ላይ እንዳየነው። ሁሉም ግን አይደለም።

ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ጊዜ ይፈልጋል። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ቀላል ነገር ሊሄድበት ይችላል፤ የከተማ አውቶቡስ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ሐዲዱ ከተበየደ በኋላ ብየዳው ይመረመራል። ሐዲዱ ከመሬት መለየቱ በኤሌክትሪክ ይለካል። ይህ ሁሉ ከአጥር ውጭ ላለ ሰው ምንም አይመስልም። ታዲያ ከተማው አንድ ወረቀት ለጥፎ «እዚህ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ነው፣ በዚህ ቀን ይከፈታል» ቢል ምን ይጎዳል? ይህን የሚያደርጉ ጥቂት ናቸው።

ሐዲዱ አልቆ ትራሙ ሲቀር

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ኤች ስትሪትን ታውቁታላችሁ። የሐበሻ ምግብ ቤትም ያለበት ሰፈር ነው። እዚያ ሐዲዱ የተዘረጋው መንገዱ በአጠቃላይ ሲታደስ፣ ከ2009 እስከ 2011 ነው። አስተዋይነት ነበረበት፤ መንገዱ አንዴ ከተቆፈረ አይቀር ሐዲዱም አብሮ ይግባ ነው ነገሩ። ትራሙ ሕዝብ መጫን የጀመረው ግን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2016 ነው። ሐዲዱ አምስት ዓመት ያህል ባዶውን ተኝቷል።

ምክንያቱ ሐዲድ ብቻውን ትራም ስለማይሆን ነው። መኪኖቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ዲፖ ያስፈልጋል። ኃይል የሚሰጥ ጣቢያ ያስፈልጋል። የደኅንነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እነዚህ አብረው አልተዘጋጁም። ሌላም ነበር። ኤች ስትሪት ላይ ሐዲዱ የተዘረጋው ከቆሙት መኪኖች አጠገብ ነው። አንድ ሰው መኪናውን ትንሽ አውጥቶ ካቆመ ወይም ዕቃ ለማድረስ ደርቦ ከቆመ ትራሙ ማለፍ አይችልም ነበር፤ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ለምግብ ማድረስም ሆነ ለታክሲ ሥራ እዚያ የነዳ ሰው የዚህን ጣጣ ያውቀዋል። በ2025 የከተማዋ ከንቲባ ትራሙ ቀርቶ በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይተካ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ለአሥር ዓመት አገልግሎት ያን ሁሉ ቁፋሮ የቻሉትን የዚያ መንገድ ነጋዴዎች ሳስብ ያሳዝነኛል።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ከዚህ ይለያል። 34 ኪሎ ሜትሩ በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ተሠርቶ በ2015 ሥራ ጀምሯል፤ ዋጋው 475 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቶሎ ያለቀበት አንዱ ምክንያት ሐዲዱ እንደ ኤዲንብራ ከመኪናው ጋር አስፋልት ተጋርቶ ሳይሆን ተለይቶ፣ በድልድይ ወይም በአጥር መሀል ስለሚሄድ ነው። እኛ ዘንድ ወሰን ማስከበር የምንለው ሥራ ግን እዚያም ነበር። ቧንቧ፣ ምሰሶ፣ ቤት ተነሥቷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ ከሥሩ መተላለፊያ ሊሠራ በ2013 ተነሥቶ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከከተማ ሥር ያለውን ለማንሣት ጊዜ የማይወስድበት አገር የለም። ልዩነቱ አጥሩ ተነሥቶ መንገዱ ሲከፈት እግረኛው ምን አገኘ የሚለው ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሐዲዱ አጥር ራሱ ቀርቷል፤ መንገድ ለመሻገር ረጅም ዙሪያ የሚዞር ሰው እስከ ዛሬ አለ።

ሁለተኛው ዙር

ኤዲንብራ ያቋረጠችውን ቀጠለች። ከመሀል ከተማ እስከ ኒውሄቨን ያለው 4.69 ኪሎ ሜትር በ2019 መጨረሻ ተጀምሮ ጁን 7 ቀን 2023 ተከፈተ። የተያዘለት በጀት 207.3 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በዚያው ውስጥ አለቀ። መሀል ላይ ኮቪድ ገብቶ ሥራው ለተወሰነ ጊዜ ቆሟል። ያም ሆኖ በተባለው ሰሞን ደረሰ። ያው ከተማ፣ ያው ዓይነት መሬት፣ ያው የሊት መቃብር።

ምን ተቀየረ? ዋናው ነገር አንድ ጊዜ መቆፈር ነው። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ተቋራጭ መጥቶ ቧንቧ ያነሣል፣ ይደፍናል፣ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ሌላው መጥቶ ያንኑ ይቆፍራል። በሁለተኛው ዙር አንድ ክፍል ይዘጋል፤ ቧንቧው፣ ፍተሻው፣ የቅርስ ቁፋሮው፣ ሐዲዱ፣ አስፋልቱ ሁሉ እዚያው ውስጥ በአንድ አመራር ያልቃል። ከዚያ ይከፈታል፤ ተመልሶ አይቆፈርም። ያልታሰበ ቧንቧ ሲገኝ ኃላፊነቱ የኔ ነው የአንተ ነው የሚል ክርክር አይነሣም፤ ያገኘው ራሱ ያነሣዋል።

አዲሱ መስመር የሚያልፍበት የሊት ዎክ መንገድ ሰዎች አልተቸገሩም ማለቴ አይደለም። ዓመታት ሙሉ አጥር ሥር ኖረዋል፤ መኪና ለረጅም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የሚሄደው። ግን ለነጋዴዎች መደገፊያ 2.4 ሚሊዮን ፓውንድ ቀድሞ ተይዟል። የጭነት መኪና ሱቁ ደጃፍ መድረስ ስለማይችል፣ ዕቃው አጠገብ ባለ ማራገፊያ ወርዶ እስከ ሱቁ የሚያደርሱ ሠራተኞች ተመድበው ነበር። እንጀራ ጋጋሪ ብትሆኑ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዱቄቱ በሰዓቱ ደጅህ ከደረሰ መንገዱ ቢዘጋም ሥራህ አይቆምም።

ያልተፈታም አለ። ሐዲዱ መሀል ያለው ቦይ የብስክሌት ጎማ ይይዛል። ብዙ ብስክሌተኞች ወድቀው ተጎድተዋል፤ በ2017 ፕሪንስስ ስትሪት ጫፍ ላይ አንዲት ወጣት ሕይወቷ አልፏል። ሐዲድ ባለበት መንገድ ብስክሌት የምትነዱ፣ በተለይ ምግብ የምታደርሱ ልጆች፣ ሐዲዱን በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ፣ በመስቀልኛ ተሻገሩት። ዝናብ ከሆነ ውረዱና ግፉት። ብረቱ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው።

ሱቅ ያላችሁ

ከተማችሁ ትራም ሊያስገባ ነው ከተባለ ስብሰባ ይጠራል። ሂዱ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ያማረ ስዕል ነው፦ ዛፍ፣ ትራም፣ ፈገግ ያለ ሰው። እናንተ የምትጠይቁት ስለ ስዕሉ አይደለም። ከእኔ ሱቅ ፊት ያለው ቧንቧና ኬብል በሙከራ ጉድጓድ ታይቷል ወይስ በካርታ ብቻ? ዲዛይኑ ስንት እጅ አልቋል? ያልታሰበ ነገር ቢገኝ ወጪው የማን ነው? መንገዱ ስንት ጊዜ ይቆፈራል? ዕቃ ጫኙ የት ይቆማል? መልሱ «እየተሠራበት ነው» ከሆነ፣ የተነገራችሁን ቀን እጥፍ አድርጋችሁ ያዙት።

ካሳ የሚባለው ነገር ከአገር አገር ይለያያል። ሲድኒ ላይ ጆርጅ ስትሪት ለትራም ሲቆፈር ሥራው ከታሰበው በላይ ስለተራዘመ ነጋዴዎች መንግሥትን ከስሰዋል፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል። የትም ብትሆኑ ግን የሚጠየቀው ማስረጃ ተመሳሳይ ነው፤ ገቢህ ከመቆፈሩ በፊት ስንት ነበር፣ ከተቆፈረ በኋላ ስንት ሆነ? በእጅ ገንዘብ የሚሠራ፣ ሒሳቡን በልቡ የሚይዝ ባለ ሱቅ እዚህ ላይ ይቸገራል። ስለዚህ ወሬው እንደተሰማ፣ አንድም አካፋ ሳይነሣ፣ የየቀኑን ሽያጭ መጻፍ ጀምሩ። የደጃፋችሁን ፎቶ ከነቀኑ አንሡ። መንገዱ የተዘጋበትን፣ የተከፈተበትን፣ ውኃና መብራት የጠፋበትን ቀን መዝግቡ። የኪራይ ውላችሁ ሊታደስ ከሆነም ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ቁፋሮው ወራት ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፤ ብዙ አከራይ ባዶ ሱቅ ከሚያይ ለጥቂት ወር ኪራይ ቢቀንስ ይመርጣል።